የእትዬ አልጋነሽ የዓርብ ፒዛ

የምኖረው ከፒዛ በሚገኝ ደመወዝ ነው፤ ፒዛ ግን አልቀምስም። ጓደኞቼ «ጠግበህ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ነገሩ ከጥጋብ ጋር አይገናኝም፤ ከአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋር ነው የሚገናኘው። ያንን ዓርብ ለሚስቴ እንኳን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳት፤ እኔን የሚያሳጣኝን ግማሽ ትቼዋለሁ። እዚህ ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ለምን እንደምጽፈው መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ጅቡቲ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አያቴ በምድር ባቡሩ ዘመን ለሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ አባቴ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ እየተናገርኩ አደግሁ። በፈረንሳይኛዬ በጣም እኮራ ነበር። ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣ ሰው ካየሁ አንድ ሁለት የፈረንሳይኛ ቃል ጣል ሳላደርግለት አላልፍም። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከአሁኑ እወቁት።

የምሠራበት ፒዛ ቤት የውጭ ስም ያለው ነው። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ሙሴ ሮብሌ፣ አቶ ሮብሌ እንደማለት ነው፣ የአገሩ ተወላጅ ነጋዴ ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ «ፓትሮን»፣ አለቃ፣ እንለዋለን። በሩ ላይ የተሰቀለው ስም ግን የእሱ አይደለም፤ የተከራየው ነው። ፍራንቻይዝ የሚሉት ይኸው ነው፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ኩባንያ ስሙንና አሠራሩን ያከራይሃል፣ አንተ ደግሞ እሱ እንደጻፈው ትሠራለህ። እንደጻፈው ስል ቀልዴን አይደለም። በቀይ ክላሰር የታሰረ ወፍራም መመሪያ ነበረን። አንድ ፒዛ ላይ ስንት የወይራ ፍሬ እንደሚደረግ፣ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚያድር፣ ደንበኛ ሲገባ ምን እንደሚባል ሳይቀር ተጽፏል። ዱቄቱም፣ ስጎውም፣ ቺዙም በኮንቴይነር ወደቡ ላይ ይራገፋል። ደንበኛው ጅቡቲ ቢበላም ሌላ አገር ቢበላም ልዩነቱን እንዳያውቅ ነው ሐሳቡ። አንዱን ቤት እንደ ክላሰሩ ካስኬድከው ሁለተኛ ይፈቅዱልሃል፤ ከዚያ ሦስተኛ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው የሚያድጉት።

እኔ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ሊጡን የምትሠራው እትዬ አልጋነሽ ነበረች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ጠይም፣ ዝምታ የምታበዛ ሴት ናት። ከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ድሬዳዋ የምትማር ሴት ልጅ አለቻት። መጀመሪያ የተቀጠረችው ለዕቃ አጠባ ነው። ፓትሮን አንድ ቀን ሊጥ ስትዳምጥ አያትና ወደ ምድጃው አዛወራት። ከዚያ በፊት «ሰው ቤት» ትሠራ እንደነበር ነግራኛለች። የማን ቤት ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

የዓርብ ፒዛ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩት ያገራችን ልጆች የሚወጡት በዚያ ቀን ነው፤ ሁለት ሦስት ሆነው ይመጡና ማራገቢያው ሥር ይቀመጣሉ። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ከክላሰሩ ውስጥ ሥጋ ወይም ቺዝ የሌለበት ምግብ የለም። ስለዚህ አንዳንድ ለስላሳ ጠጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ።

«ፍሬው» አለችኝ እትዬ አልጋነሽ አንድ ዓርብ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየቻቸው። «ሳምንቱን ሙሉ ሌላውን ሲያበሉ ከርመው በዕረፍታቸው ቀን በለስላሳ ብቻ ይመለሱ?»

«ምን እናድርግ ታዲያ?»

«ሊጡ ውስጥ ወተት የለም፤ ከረጢቱን አንብበህልኝ ነበር። እስቲ ይህንን ደግሞ አንብብልኝ» ብላ የስጎውን ቆርቆሮ ሰጠችኝ። ፊደል እንደማትለይ አውቃለሁ። በፈረንሳይኛ የተጻፈውን እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላት፤ ቲማቲም፣ ስኳር፣ ጨው፣ የወተት ዱቄት።

«እሱ አይሆንም» አለችና ቆርቆሮውን መለሰችው። «ቁሌቱን ከቤቴ በዘይት ሠርቼ አመጣለሁ።»

በሚቀጥለው ዓርብ በማሰሮ ቁሌት ይዛ መጣች። ከአገልግሎት የወጡ ሁለት ትሪዎች ከጓሮ አንስታ በአሸዋ ፈገፈገቻቸው፤ ከታች በኩል በሚስማር መስቀል ጫረችባቸው፤ ቺዝ ከነካው ትሪ ጋር እንዳይደባለቁ። መቁረጫውም የብቻው ነው። ሊጡ ላይ ቁሌቱን ቀባች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ደረደረችበት። ከምድጃው ሲወጣ እኔም ከአንድ ቁራጭ በላይ በላሁ።

«ፓትሮን ቢጠይቀኝስ?» አለችኝ።

«ማንም ቢጠይቅሽ እኔ አለሁ» አልኳት። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ወሬው በልጆቹ ስልክ ዞረ። በሁለት ወር ውስጥ ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወንበር የማይገኝበት ቀን ሆነ። አንዳንዶቹ የሚያሳድጓቸውን ሕፃናት ይዘው ይመጣሉ፤ ሕፃናቱ ደግሞ በሌላ ቀን ወላጆቻቸውን ጎትተው ያመጣሉ። ፓትሮን ገብቶታል። በወጥ ቤቱ በር ያልፍና «እኔ ምንም አላየሁም» ይለኛል። ገበያው ሲደራ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ጠየቀ፤ ኩባንያውም ቤታችንን የሚያይ ሰው እንደሚልክ አስታወቀ። ፓትሮን እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ካለፍን የአዲሱ ቤት ሥራ አስኪያጅ አንተ ነህ» አለኝ። የዚያን ዕለት ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ መሆኑን ያወቅሁት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሰውየው እሑድ ይመጣል ተብለን ነበር። ሰውየው ሴት ሆነች፤ እሑዱም ዓርብ ሆነ። ፍልሰታ ውስጥ ነን። ውጭ ያ የጅቡቲ የነሐሴ ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ያቦናል፤ ፓትሮን መስጊድ ነው። ልክ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የመጣች ታክሲ በር ላይ ቆመች። አጭር ጸጉሯን ነፋሱ የበታተነባት ሴት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ገባችና፣ «ኤሊዝ እባላለሁ፤ ከኩባንያው ነኝ» አለች በፈረንሳይኛ። «ቀድሜ የመጣሁት ቤቱን እንደ ሁልጊዜው ሆኖ ላየው ስለፈለግሁ ነው።»

ለፓትሮን ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ማዳም ኤሊዝ ነጭ ጋዋን አጥልቃ ሥራ ጀመረች። የፍሪጁን ሙቀት ለካች። በዘፈቀደ አንድ ፒዛ አዝዛ የወይራ ፍሬዎቹን ቆጠረች። የመጸዳጃ ቤቱን በር እጀታ ሳይቀር ነካችው። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ጥሩ ስታገኝ «ብራቮ» ትላለች፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ሰባት ብራቮ አግኝቻለሁ። በፈረንሳይኛዬም ተደንቃ የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። ልቤ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ነበር። ልጆቹ ኪዳን አድርሰው፣ እስከ ዘጠኝ ጾመው ይመጣሉ።

ስምንት ተኩል ላይ ምክንያት ፈጥሬ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ አልጋነሽ ሊጡን እየቆረጠች ነው፤ ማሰሮዋ ከጎኗ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ዛሬ ይቅር» አልኳት በሹክሹክታ። «ሴትየዋ ካየች አለቀልን።»

«ልጆቹስ?»

«ለስላሳ ይጠጡ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም እኮ። ከአምስት ቀን በፊት ለዛሬ ብለው ያዘዙኝም አሉ።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ደግሞ አንተ አለህ አይደል?»

በዚህ መሐል ከውጭ ተጠራሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተና ልጆቹ በነጠላቸው ገቡ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ። ከመካከላቸው ሰናይት የምትባለው ሳቂታ ልጅ እንደ ልማዷ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «እትዬ፣ መጥተናል» አለች። ማዳም ኤሊዝ ቀና አለች።

«ዝርዝሩን ሳያዩ ምን አዘዙ?» አለችኝ።

«ደንበኞች ናቸው» አልኩ።

ብዕሯን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች፤ ተከተልኳት። ሁለቱ ትሪዎች ከምድጃው ወጥተው ጠረጴዛው ላይ እንፋሎት ያወጣሉ። ማዳም መጀመሪያ ፒዛውን፣ ቀጥሎ ማሰሮውን አየች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። በፎጣ ይዛ አንዱን ትሪ ቀና አደረገችና ከሥሩ ያለውን መስቀል አየችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጾም... ቺዝ የሌለበት ነው። ለነዚህ ሴቶች።»

«የእኛ ያልሆነ ስጎ፣ የተወገደ ትሪ» አለች ቀስ ብላ። አልተቆጣችም፤ መልስ የምትፈልግ ሰው ድምፅ ነበር። «ማን ፈቀደ?»

አሁን ሳስበው መልሱ ሁለት ቃል ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት። እትዬ አልጋነሽ በሁለታችን መሐል ቆማ ሊጥ ትዳምጣለች፤ እንደማይገባት እርግጠኛ ነበርኩ። ቆርቆሮ የማነብላት እኔ አይደለሁ? ከፊት ለፊቴ አዲሱ ቤት ታየኝ፤ ስሜ የተጻፈበት የደረት ካርድ ታየኝ።

«እኔ አላውቅም ማዳም» አልኩ በዚያ በምኮራበት ፈረንሳይኛ። «ራሷ ናት የጀመረችው። ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ፤ አትሰማም። የተማረች አይደለችም።»

የእትዬ አልጋነሽ እጆች ሊጡ ላይ ቆሙ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ከዚያ መዳመጧን ቀጠለች።

ማዳም ጻፈች። ስሟን ጠየቀችኝ፤ ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች፤ አንድ ቁራጭ አንስታ ቆማ በላች፤ ጠርዙን እንኳን አላስተረፈችም። እጇን ጠርጋ ወጣች።

«ምን አለችህ?» አለችኝ እትዬ አልጋነሽ፣ ቀና ሳትል።

«ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሊጡም ጥሩ ነው አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ይሁን» አለችና ትሪዎቹን ለልጆቹ ላከች።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ፓትሮን ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የማዳም ኤሊዝ ሪፖርት ነበር። «አልፈናል» አለኝ። ፊቱ ግን ያለፈ ሰው ፊት አልነበረም። «እዚህ ጋ ግን 'ኃላፊው እያስጠነቀቃት' ይላል። አስጠንቅቀሃት ነበር?»

ሪፖርቱን ሳብ አድርጌ የፈረመችበትን ቦታ አየሁ።

«እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ፤ አንተ ላይ አልፈርድም» አለ። «ግን ስሟ ተጽፏል። የተጻፈ ሰው ይዤ ሁለተኛ ቤት ልከፍት አልችልም። የምትለው ካለህ አሁን በል።»

ይህ ሁለተኛው ዕድሌ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቷ ከሥራዋ ጋር የተያያዘ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያሳደስኩላት እኔ ነኝ። ከሥራ ከወጣች ከአገር መውጣቷ ነው። ይህንን ሁሉ እያወቅሁ የጠረጴዛውን እግር እያየሁ ቆምኩ።

ተጠራች። ሽርጧን አጥፋ በክንዷ ይዛለች፤ ነገሩን ቀድማ አውቃዋለች ማለት ነው። ፓትሮን በሶማልኛና በእጁ ምልክት ሊያስረዳት ሲጀምር አቋረጠችው። በፈረንሳይኛ።

«ሙሴ ሮብሌ፣ አይቸገሩ። ትናንት ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሰዋሰዉ ላይ እሰናከል ይሆናል፤ መስማት ግን አያቅተኝም። ፈረንሳዮች ቤት አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አሳድጌያለሁ። ስወጣ የምስክር ወረቀት ጽፈውልኛል። እርስዎም ይጻፉልኝ፤ ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ከእኔ የጠራ ፈረንሳይኛ ነው። ከአፏ የሚወጣው የልጆች ፈረንሳይኛ ነበር፤ ለስላሳ፣ ሕፃን የሚያባብል።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። «እትዬ፣ ፈረንሳይኛ ትችያለሽ?»

«ማንበብ ነው የማልችለው» አለች። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ትሪዎቹን አስታቀፈችኝ። «እነዚህን ከሌላው እንዳታደባልቃቸው» አለችኝና ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ወደ ባልባላ የሚሄደውን ሚኒባስ ስትጠብቅ ነፋሱ ነጠላዋን ይጎትታል፣ እሷ መልሳ ትሸፈናለች።

እኩለ ቀን ላይ የማዳም ኤሊዝን ሻንጣ ታክሲው ውስጥ እየጫንኩ ሳለ እንዲህ አለችኝ፤

«ትናንት የበላሁት በጣም ጥሩ ነበር። ያሳዝናል። አንድ ኃላፊ ሐሳብ አድርጎ ቢያቀርበው እኮ ጥፋት አልነበረም። ክላሰሩ መጨረሻ ላይ ቅጽ አለ፤ ለአካባቢው የሚስማማ አዲስ ምግብ ማቅረቢያ። የኩባንያው ግማሽ ዕድገት የመጣው ከእንደዚህ ዓይነት ወጥ ቤቶች ነው። ማን ፈቀደ ያልኩህ ለዚያ ነበር።»

ታክሲዋ ሄደች። ገብቼ ክላሰሩን ከኋላ ገለጥኩ። ቅጹ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። እትዬ አልጋነሽ ከአገር የወጣችው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ባልባላ ነበረች፤ ሚኒባስ ይዞ መሄድ፣ ለማዳም መጻፍ፣ ለፓትሮን እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ቅጹን ሞላሁት። «ሐሳቡን ያቀረበው» የሚል ቦታ አለ። ፍሬው ብዬ ጻፍኩበት።

ቅጹ ጸደቀ። አዲሱ ቤት ወደ አምቡሊ በሚወስደው መንገድ ላይ ተከፈተ፤ እኔም ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። የጾም ፒዛ በፎቶ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ ያለውን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኩባንያው ያደረገው ለውጥ አንድ ብቻ ነው። በየቤቱ የተሠራ ቁሌት አይፈቀድም፤ የቆርቆሮው ስጎ ይግባበት። ትሪም የተለየ አያስፈልግም፤ ሁሉም በአንድ ማሽን ይታጠባል። ፈረምኩ።

ሰናይትና ጓደኞቿ ባዲሱ ቤት የመጀመሪያ ዓርብ መጡ።

«እትዬ አልጋነሽስ?» አለችኝ ሰናይት።

«አገሯ ገባች።»

«ፒዛው እንደ ድሮው ነው?»

«እኔ አለሁ» አልኳት። ያቺኑ ቃል። ሳቀችና አዘዘች።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ሰናይት ድሬዳዋ ደርሳ መጣች። እትዬ አልጋነሽን አግኝታት ኖሮ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ፤ «ሰላም በልልኝ ብላሃለች» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ቁጥሩን ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻ መጋዘን ውስጥ፣ የስጎ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

«ፍሬው ነህ?» ድምፅዋ አልተለወጠም። ልጇ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች። እሷ ጤናዋ ደህና ነው፤ ሰፈር ውስጥ ዳቦ ትጋግራለች። ይቅርታ ለማለት የተዘጋጀሁትን ሁሉ ጀመርኩ፤ ስለ ቅጹም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የኔን ትቼዋለሁ» አለች። «ያኔ በጣም ተናድጄብህ ነበር፤ አልደብቅህም። አልቅሻለሁም። አሁን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ንገረኝ፤ ሰናይት አሁንም ዓርብ ዓርብ እንበላለን አለችኝ። ስጎው የትኛው ነው?»

የተቀመጥኩበትን ካርቶን ጽሑፍ አየሁ።

«የቆርቆሮው ነው» አልኩ።

መንገድ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ በስልኩ ይሰማኛል።

«አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ?»

«እኔው ነኝ።»

«እነሱ ማንበብ አይችሉም እኮ ፍሬው። የቻሉትም አላነበቡም፤ አምነውህ ነው የሚበሉት። ንገራቸው።»

«እሺ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓርብ አለፈ። በየዓርቡ ልጆቹ ሲገቡ እነሣለሁ፤ ሰናይት ስትስቅልኝ መልሼ እቀመጣለሁ። አዲሱን ቤት ተከትሎ ሦስተኛው ሊከፈት ነው፤ ፎቶው እዚያም ይሰቀላል። እንዲህ ዓይነት ንግድ የሚያድገው ሁሉንም ነገር አንድ ዓይነት በማድረግ ነው ብያችሁ ነበር። ልክ ነው። እኔ ያልነገርኳችሁ፣ ከአንዲት ሴት እጅ የወጣውን ነገር የእጇን ጥንቃቄ ቀንሶ ስሙን ብቻ ሊያሳድገው እንደሚችል ነው። ይህንን ያደረገው ኩባንያው ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በአፌ አልወጣልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት። የሚያነብ ሰው ለማታነበው ጓደኛው ይንገርልኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ነጠላችሁን እንደለበሳችሁ፣ እስከ ዘጠኝ ጾማችሁ የምትመጡ እህቶቼ፣ የትኛው ቤት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ የጾም የሚለው ፒዛ የጾም አይደለም። ስጎው ውስጥ የወተት ዱቄት አለ። ትሪውም ቺዝ የሚጋገርበት ነው። መስቀል ያለባቸው ሁለቱ ትሪዎች እኔ ቤት፣ ቁምሳጥን ላይ ናቸው።

ፓትሮን አማርኛ አያነብም፤ ግን የሚነግረው ሰው አይጠፋም። ማን ነው ይህንን የጻፈው ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እኔ ነኝ።